በገና ማለዳ ቀድሞ የገባው እግር

በአማቴ ቤት እኔ እግረ ደረቅ ነኝ። ይህን የምላችሁ ለማማረር አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ካልነገርኳችሁ ግን ባለፈው ገና በአማቴ መንደር በኮሶዬ የገጠመኝ ነገር አይገባችሁም።

እግረ ደረቅ ማለት ምን እንደሆነ ያልሰማ ካለ ላስረዳ። አንዳንድ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ሲሳይ ይዞ ይገባል። ላሟ ትወልዳለች፣ የጠፋው ዕቃ ይገኛል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው እግረ እርጥብ ይባላል። ሌላው ደግሞ ገና ደፉን ሲረግጥ የቤቱ በረከት በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይወጣል። ይኸኛው እኔ ነኝ።

ማስረጃም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለትውውቅ የሄድኩ ዕለት የእርሻ በሬያቸው ገደል ገባ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ በረዶ ወርዶ ገብሱን አስተኛው። ከሠርጋችን በኋላ ለመልስ ስንጠራ ደግሞ ንቦቹ ቀፏቸውን ትተው ነጎዱ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ ሰው የለም።

እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ። የሰው አጥንት ሳይ ነው የምውለው። የተሰበረ እግር፣ የወለቀ እግር፣ የጎበጠ እግር፣ ያላየሁት የለም። ደረቅና እርጥብ የሚለይበት ምልክት ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህንኑ አንድ ቀን ለአማቴ ለእሜቴ ዘነቡ ብነግራቸው ከልባቸው አዘኑልኝ።

«አንቱ ሸጋ ሰው ኖት» አሉኝ። «እግር ግን የእግዜር ነው፤ ምን ያርጉት።»

እሜቴ ዘነቡ እንዲህ ናቸው። ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አማች ይከበራል ብለው ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አንቱ ይሉኛል፤ ከዶሮውም ጥሩ ጥሩውን ብልት የሚያወጡት ለእኔ ነው። በበዓል ቀን ግን ደፋቸውን ቀድሜ ከምረግጠው ጅብ ቢረግጠው ይመርጣሉ።

በተለይ የገና ዕለት። ገና የሚውለው ገብሱ ከአውድማ ወደ ጎተራ በሚገባበት ሰሞን ስለሆነ፣ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባው ሰው እግር የዓመቱን እህል ይወስናል ብለው ያምናሉ። ሌላም ሌላም ሕግ አለ። በዋዜማው ጨውና እሳት ከቤት አይወጣም፤ ጎረቤት ቢጠይቅም በፈገግታ ይሸኛል። የዶሮው ብልት አሥራ ሁለት ካልሞላ ከቤተሰቡ አንዱ ዓመቱን በመንገድ ሲንከራተት ይከርማል። የጠላው ጋን አፉ እንደተመረገ ያድርና፣ ቀድሞ የገባው ሰው የድፎውን የመጀመሪያ ቁራሽ ሳይቀምስ አይከፈትም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ጎረቤታቸው አያ ዋሴ ናቸው። እሳቸው እግራቸው እርጥብ ለመሆኑ መንደሩ ሁሉ ይመሰክራል። በቀኝ እግራቸው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይመርቃሉ። ከዚያ ሌላው ሰው ይገባል። እኔ የሁሉም መጨረሻ ነኝ።

እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህ ሁሉ ለእኔ ጨዋታ ነበር። ሥራ ቦታ ለጓደኞቼ እያወራሁ አስቃቸዋለሁ። ሳቁ የቆመው ነገሩ ወደ ልጄ የተሻገረ ጊዜ ነው።

ሶልያና አንደኛ ክፍል ናት። ክረምት ላይ ከእናቷ ከእናኑ ጋር አያቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ በመንደሩ ፈንግል ገባና ጫጩት ሁሉ አለቀ። ካለቀባቸው ሰዎች አንዷ የእሜቴ ዘነቡ ታናሽ እህት እትዬ ጠጄ ናቸው። አጥር ማዶ ነው የሚኖሩት። የማን እግር መቼ ምን እንዳመጣ ከእሳቸው በላይ የሚያስታውስ የለም፤ የእኔን በሬ፣ በረዶና ንብ በቅደም ተከተል የሚተርኩትም እሳቸው ናቸው። የሞቱትን ጫጩቶች አይተው፣ ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ እየሰማች፣ «የአባቷ እግር ወጥቶባታል» አሉ። ክፋት አስበው አይደለም። ዝናብ ሊጥል ነው እንደማለት ነው ያሉት።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አስተማሪዋ አስጠራችን።

«ልጃችሁ ክፍል አትገባም» አለችን። «ማለቴ፣ ሁሉም እስኪገባ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። በመጨረሻ ነው የምትገባው። ምነው ስላት፣ ፈተና እንዳይወድቁ ብዬ ነው አለችኝ።»

እናኑ እዚያው አለቀሰች። እኔ የአስተማሪዋን ጠረጴዛ አየሁ። ሰው እኔን የፈለገውን ቢለኝ እችለዋለሁ። ይህች ግን ገና ጥርሷ ሳይወልቅ ሰው እንዳትጎዳ ብላ በር ላይ የምትቆም ልጅ ናት።

አንድ እሑድ ሥራ ቦታዬ ወስጄ የራሴን እግር የራጅ ፊልም ብርሃኑ ላይ ሰቅዬ አሳየኋት።

«ይኸውልሽ፣ ይህ የአባዬ እግር ነው። እንደማንኛውም ሰው እግር ነው።»

ጠጋ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። «ደረቁ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«የለም። የሌለ ነገር ነው።»

«ሁሉም ነጭ ነው እኮ አባዬ። ውሃ የለውም።»

ፊልሙን አውርጄ ወደ ፒያሳ ወሰድኳትና ኬክ ገዛሁላት። ከዚያ በላይ የማውቀው ሳይንስ አልነበረኝም።

ገና ሲቃረብ እናኑ አንሄድም አለች። «ልጄ እዚያ ሄዳ ደጅ ቆማ የሰው እግር ስትጠብቅ ማየት አልፈልግም።» እኔ ደግሞ ካልሄድን ነገሩን ማጽናት ነው አልኩ፤ በእኔ የተነሳ ነው የቀረነው ብላ ታስባለች። ተከራከርን። በመጨረሻ ዋዜማው ዕለት ከገበያ የኮባ ቅጠል ገዝተን፣ ለእሜቴ ነጠላ ይዘን፣ ሚኒባስ ተሳፍረን ወጣን። ሶልያና መንገዱን ሙሉ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ያ ለእሷ ያልተለመደ ነው። ስንደርስ ሌሎቹ እስኪገቡ ጠብቃ ከእኔ ጋር መጨረሻ ገባች።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን። የኮሶዬ ብርድ የጎንደርን ብርድ ያስመኛል። ሊነጋጋ ሲል ሶልያና ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ጋቢዋን ቤት ነው የተውነው። ለማንም ሳልናገር ላመጣላት ወጣሁ። እትዬ ጠጄ በር አጠገብ ተቀምጠው ስለነበር በዓይናቸው ሸኙኝ። ግቢው ድረስ ከሄድኩ በኋላ ነው የት እንደምገባ ትዝ ያለኝ። የገና ሌሊት ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ እኔ ደግሞ እኔ ነኝ። ደጁ ላይ ትንሽ ቆሜ በራሴ እየሳቅሁ ባዶ እጄን ተመለስኩና ኮቴን አውልቄ አለበስኳት።

ቅዳሴው ሲያበቃ ሰማዩ ወገግ ብሎ ነበር። ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል። እሜቴ ዘነቡ፣ እትዬ ጠጄ፣ እናኑ፣ ሶልያናና እኔ ግቢ ደርሰን ቆምን። አያ ዋሴ የሉም። አንድ አረጋዊ ቄስ ደግፈው ቤታቸው ሊያደርሱ ነው የሄዱት ተባለ።

«አሁን ይመጣሉ» አሉ እሜቴ ዘነቡ።

ጠበቅን። የጾሙ ወራት አልቋል፤ ከውስጥ የዶሮ ወጡ ሽታ በበሩ ስንጥቅ ይመጣል፤ ቁልፉ እሜቴ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኛ ግን እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ቆመናል። እናኑ እኔን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ሶልያና የኮቴን እጅጌ እያወዛወዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ልክ አስተማሪዋ እንዳለችው። እሱን ሳይ ምነው ባልመጣን አልኩ።

እዚያ ግድግዳ ላይ ቁመቷ ልክ የሆነች ትንሽ መስኮት አለች። ሶልያና በዚያች አጮልቃ አየች።

«እማማ፣ ፍየል አለች» አለች።

«የት?» አሉ አያቷ።

«ቤት ውስጥ። ዳቦውን ልትበላ ነው።»

እሜቴ ዘነቡ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። የእትዬ ጠጄ ፍየል በጓሮ በር ገብታ፣ ድፎው የተሸፈነበትን ኮባ በጥርሷ እየጎተተች ነው። እሜቴ ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡና በሩን ከፈቱ። ከፈቱና ቆሙ። ደፉ ፊታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው በገና ማለዳ ቀድመው ገብተው አያውቁም። ወደ እትዬ ጠጄ ዞሩ፤ እትዬ ጠጄም አልተንቀሳቀሱም። እኔ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ሁላችንም እንዲህ ተፋጠን ሳለ ውስጥ የሰፌድ ድምፅ ተሰማ።

ያን ጊዜ ሶልያና በመካከላችን ሾልካ ገባች።

ፍየሏን በቀንዷ ይዛ እየጎተተች ስታወጣት የለበሰችው ኮቴ መሬት ይጠርጋል። ፍየሏ አፏ ላይ የኮባ ቅዳጅ ይዛለች። ደፉ ላይ ስትደርስ ልጄ ቆመች። እግሯን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አባዬ፣ ገባሁ» አለችኝ።

ፊቷን መቼም አልረሳውም። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ፊት አይደለም፤ ከዚያ የከፋ ነው። ሄጄ አነሳኋት። ምንም አይደል አልኳት፤ ደጋግሜ አልኳት። እሷ ግን ትከሻዬ ላይ ሆና እትዬ ጠጄን ነበር የምታያቸው። እትዬ ጠጄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው «እንግዲህ እስከ ማታ እናያለን» አሉ።

አያ ዋሴ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ነገሩ ሲነገራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ገብታለች በቃ» አሉ። «ከገባች በኋላ እኔ ምን ላደርግ ነው። ግቡና እንብላ።»

ገባን። ከዚያ በኋላ ያለፈው ሰዓት ለእኔ ረጅም ነበር። እንደሌላ ጊዜ በዓል ሁሉም ሲበላና ሲጫወት እኔ ነገር እጠብቃለሁ። ዳቦው ተቆረሰ፤ አንድ ጥግ በጥርስ ከመነካቱ በቀር ደህና ነው። ወጡ ወጣ፤ ብልቱ ተቆጠረ፤ ሞላ። ላሟ ታየች፣ ዶሮዎቹ ታዩ። እትዬ ጠጄ በየመሐሉ ብቅ እያሉ ጓሮውን ይመለከታሉ። ሶልያና የመጀመሪያውን ቁራሽ በከንፈሯ ነክታ ከመመለሷ በቀር አንድ ጉርሻ አልጎረሰችም። እናቷ ብትለምናት፣ «ማታ ሲሆን እበላለሁ» አለች። የራጅ ባለሙያው አባቷም፣ ይቅር ይበለኝና፣ ምንም ነገር እንዳይበላሽ በልቤ እየጸለይኩ ነበር።

ወደ እኩለ ቀን ላይ እሜቴ ዘነቡ ከጓዳ ጠሩኝ።

«ይርጋ፣ ኑ እስቲ፤ ይችን ጋን ያዘንብሉልኝ።»

ጓዳው ጠባብ ነው። በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረጉት። የጋኑን ምርግ በቢላ እጀታ እየኮረኮሩ አራገፉና ክዳኑን አነሱ። ሽታው ቀድሞ ነገረን። ሆምጣጤ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፊቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ተጋድሟል።

እሜቴ በጣታቸው ቀመሱ። እዚያው ያለችው ዱካ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ዓይኔ እያየ» አሉ፣ ለራሳቸው።

ምርጉን አገላብጬ አየሁት። ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ገብቷል። «እሜቴ፣ ይህ የዛሬ አይደለም» አልኳቸው። «ቆይቷል። አየር ገብቶበት ነው የሆመጠጠው። ልጅቱ ሳትገባም ተበላሽቶ ነበር።»

«እሱን ለእኔ ሳይሆን ለጠጄ ነው ማስረዳት።» ክዳኑን መልሰው ከደኑ። «ለእኔም ቢሆን... አምናለሁ እኮ። እንዳይመስልዎ። የእናቴ ነው፣ የአያቴ ነው፤ ስንቱን በዓይኔ አይቻለሁ። እርሰዎ የመጡ ዕለት ያ በሬ እንዴት እንደሄደ አይቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ግን ቅድም ደፉ ላይ ፊቷን አዩት?»

«አየሁት።»

«እኔም አየሁት።»

ከሳሎን የእትዬ ጠጄ ድምፅ ይሰማል፤ ጠላው ምን አዘገየው እያሉ ነው። እሜቴ ዘነቡ የበሩን ስንጥቅ አዩ፣ ጋኑን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ነበር፣ አይደል?»

«አዎ። ጋቢ ላመጣላት።»

«ጠጄ አይታዎታለች።»

«አይተውኛል።»

«የጓሮውን በር ሳልሸጉረው የወጣሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ወጡን ላወርድ ስጣደፍ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እርሰዎ ታዲያ፣ ገብተው ነበር?»

አልገባሁም ልል አፌን ከፈትኩ። እውነቱ እሱ ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል። እንኳን በገና ሌሊት በአዘቦት ቀንም ሳይፈቀድልኝ የማልገባ ሰው መሆኔን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይናቸውን ሳይ ነው የጠየቁኝ ምን እንደሆነ የገባኝ።

«ገብቻለሁ እሜቴ» አልኩ።

«በጓሮ በር?»

«በጓሮ በር።»

«ጋቢውን በጨለማ ፈልገው አጡት።»

«አጣሁት።»

«በሩን ሳይዘጉ ወጡ።»

«ሳልዘጋ ወጣሁ።»

«ፍየሏም በዚያው ገባች።»

«እሷም የእኔ ጥፋት ናት» አልኩ።

እሜቴ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጠጄ ዕድሜ ልክዎን አትለቅዎትም» አሉኝ።

«ለምጄዋለሁ።»

እጄን ያዙት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት እጄን ይዘውት አያውቁም። «የኔ ልጅ» አሉኝ፤ አንቱታው የዚያን ጊዜ ቀረ። «በል ጋኑን መልሰህ አስቀምጠው። ለንስሐ አባቴ እኔ እነግራለሁ፤ አንተ አትጨነቅ።»

ሳሎን ስንገባ ሁሉም ቀና አለ። እሜቴ ዘነቡ መሐል ቆመው፣ በእድር ላይ እንደሚናገር ሰው ተናገሩ።

«ጠላው ሆምጥጧል።»

ሶልያና እናቷ ጉያ ውስጥ ነበረች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁት።

«ቆይ፣ አትንጫጩ» አሉ እሜቴ፣ ማንም ሳይንጫጫ። «ምክንያቱን ጠይቄ ደርሼበታለሁ። አማቼ ሌሊት ጋቢ ፍለጋ በጓሮ በር ገብቶ ነበር። ቀድሞ የገባው እሱ ነው። በሩንም ከፍቶ የተወው እሱ ነው።»

እትዬ ጠጄ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መቱ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «አላልኳችሁም? ሲወጣ አየሁት እኮ። ወዴት ነው ይህ ሰው በቅዳሴ ብዬ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «በሬ፣ በረዶ፣ ንብ፣ አሁን ደግሞ ጠላ። ምነው አቶ ይርጋ፣ ምን አደረግንህ?»

«ይቅርታ እትዬ ጠጄ» አልኩ። ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሳቄ እንዳይታይ ነው።

«ታዲያ ልጅቱስ?» አሉ እትዬ ጠጄ።

«ልጅቱ ሁለተኛ ናት» አሉ እሜቴ። «እሱ ጠላውን ይዞት ሄደ። ዳቦውም ሊሄድ ነበር። ማን አስቀረው?»

እትዬ ጠጄ እንደ ዳኛ አሰቡበት። ሶልያና ትንፋሿን ይዛ የእሳቸውን አፍ ታያለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የማንንም ፍርድ ጠብቄ አላውቅም።

«እሷ ናት ያስቀረችው» አሉ በመጨረሻ። «የአባቷን ክፉ እግር ረግጣ ገብታ። እንዲያውም እርጥብ ናት ይች። የጫጩቶቹም ነገር ፈንግል ነበር ይላሉ።»

አያ ዋሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሶልያና» አሏት፣ ትልቅ ሰው እንደሚያነጋግሩ። «ላሜ መውለጃዋ ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ እግሬም እንደ ዱሮው አይደለም። ነገ ጠዋት እኛ ቤት ቀድመሽ ትገቢልኛለሽ?»

ልጄ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት።

«በቀኝ እግር ነው አይደል?» አለች።

«በቀኝ ነው።»

«እሺ። አሁን ግን ርቦኛል።»

አያ ዋሴ ከቤታቸው ጠላ አስመጡ። ሶልያና እንቁላሏን ከነመረቁ ላጥ አድርጋ በላች። እናኑ አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ፣ «መቼ ነው የገባኸው?» አለችኝ።

«ሌሊት።»

«ውሸታም» አለችና ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ቀን ተስቆብኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ምነው እውነቱን ለልጅህ ብትነግራት አይሻልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነግሬያት ነበር እኮ። በፊልም ጭምር። እውነቱ ከእኔ አፍ ሲወጣ አልሠራላትም፤ ያሰራት የእትዬ ጠጄ ቃል ስለሆነ መፍታት የነበረባቸውም እሳቸው ናቸው። ስታድግ ሁሉንም እነግራታለሁ። እስከዚያ እናንተም አደራ።

ለእኔ የተለወጠው ሌላ ነው። ዓመታት ሙሉ እሜቴ ዘነቡን እንደ ኋላቀር ሴት እያየሁ በውስጤ ስስቅ ነበር። አንድ ቀን እውቀት ሲገባቸው ይተዉታል እል ነበር። አልተዉትም፤ ዛሬም ያምናሉ። ግን ከእናታቸው የወረሱትን እምነትና የልጅ ልጃቸውን ፊት በዚያች ጓዳ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የበዓል ቀን ውሸት ነፍሳቸው ላይ ጫኑ። ለሚያምን ሰው ይህ ቀላል አይደለም። እኔ የማላምን ሰው ብዋሽ ምን ይጎድልብኛል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ስልክ ይደውሉልኛል፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ። አንተ ይሉኛል። በር ላይ ግን አሁንም አስጠብቀውኝ ነው የሚያስገቡኝ፤ እኔም በደስታ እጠብቃለሁ።

ሶልያና አያ ዋሴ ቤት በቀኝ እግሯ ገብታ ዳቦ ቀምሳለች። ላሟ እኛ ከተመለስን በኋላ ወልዳ በስልክ ተነገራት። ትምህርት ቤትም አስተማሪዋ በቀደም ስታገኘኝ፣ አሁንስ በር ላይ ሌሎቹን እየገፋች ነው የምትገባው ብላ ከሰሰቻት። እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም፤ አመስግኛት ሄድኩ።

ከኮሶዬ የተመለስን ዕለት ጎንደር ስንደርስ ደክሞን ነበር። ዕቃውን ተሸክሜ የቤታችንን በር ከፈትኩና አንድ እግሬን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ቆይ» አለችኝ ሶልያና ከኋላዬ። ኮቴን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።

ቆምኩ። በሥሬ አልፋ ደፉ ላይ ደረሰችና ቀኝ እግሯን ለይታ አስቀድማ ገባች። ከውስጥ ዞራ እጇን ዘረጋችልኝ።

«አይዞህ» አለችኝ። «የእኔ ለሁለታችንም ይበቃል።»